አዳኙና የዳነው

ከሰው ልጅ ታሪኮች ሁሉ ጆሮ የማይሰለቸው፥ ሊጠፋ የተቃረበ ነፍስ እንዴት እንደ ዳነ የሚናገረው ነው። መርከቡ የተሰበረበት፥ ቤቱን እሳት የከበበው፥ ወይም መሬት የተናደበት ሰው በሌላ ሰው እጅ ተስቦ ወጣ ሲባል፥ ሰሚው ሁሉ የገዛ ዘመዱ የዳነለት ያህል ደስ ይለዋል። ይህም ደስታ መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚናገር ሰው፥ እሱ ባያስተውለውም እንኳ፥ በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ርስት እንደሚያካፍል ሽማግሌ እሱም ምስጋናን ያካፍላልና፤ ለአንዱ ያበዛል፥ ለሁለተኛው ያሳንሳል፥ ሦስተኛውን ጨርሶ ይረሳዋል። ሰሚውም ድልድሉ ትክክል መስሎት ተቀብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ የማዳንን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ ወይም ፊልም ሲቀርብልን፥ ልባችንን ምን ያህል እንዳስደነገጠው ብቻ ሳይሆን ምስጋናውን እንዴት እንዳካፈለው ጭምር መመርመር ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ በታይላንድ አገር በጎርፍ በተዘጋ ዋሻ ውስጥ ቈይተው ስለ ዳኑት ልጆች ከተሠሩት ፊልሞች ሦስቱን በዚህ ሚዛን ልመዝናቸው አስቤያለሁ። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ፊልሞቹን አይታችኋቸው እንደ ሆነ ፍርዴን ከራሳችሁ ፍርድ ጋር አስተያዩት። አላያችኋቸው እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ እንዳይጨልምባችሁ አስቀድሜ ታሪኩን በአጭሩ እናገራለሁ።

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰሜን ታይላንድ፥ በቺያንግ ራይ ክፍለ ሀገር፥ ከበርማ ወሰን አጠገብ ባለው በማይ ሳይ ወረዳ፥ የአንድ እግር ኳስ ቡድን አባሎች የሆኑ 12 ወንዶች ልጆች ልምምዳቸውን ሲጨርሱ ከረዳት አሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ ወደሚባለው ዋሻ ገቡ። የልጆቹ ታናሽ 11 ዓመቱ ሲሆን፥ ታላቃቸው በዚያው ቀን 17 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አሠልጣኙም የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ዋሻው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በክረምት ወራት ጎርፍ እንደሚሞላው የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በበሩ ላይ ተተክሏል፤ በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ ከተጠበቀው ጊዜ ቀድሞ መጣ። ልጆቹ ውስጥ ሳሉ ውሃው ከኋላቸው መንገዱን ዘጋው፤ እነሱም ከውሃው እየሸሹ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ወላጆቻቸው ሲፈልጓቸው ያገኙት በዋሻው በር የቆሙትን ብስክሌቶች ነበር።

ወሬው በተሰማ ጊዜ የታይላንድ ባሕር ኀይል ጠላቂዎች፥ ወታደሮች፥ ሐኪሞች፥ መሐንዲሶችና ከብዙ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ተሰበሰቡ፤ ቍጥራቸውም ከ10,000 በላይ ሆነ። ይሁን እንጂ ለዘጠኝ ቀን የልጆቹ ድምፅ አልተሰማም። ሰኔ 25 ቀን ማታ ሪቻርድ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የዋሻ ጠላቂዎች፥ ከዋሻው በር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከውሃው ብቅ ሲሉ፥ ሁሉንም በአንድ ከፍ ያለ ስፍራ ላይ አገኟቸው። ምን ያህል ናችሁ ተብለው ቢጠየቁ፥ እንግሊዝኛ የሚያውቀው አንዱ ልጅ አሥራ ሦስት ነን ብሎ መለሰ። አንድም የጐደለ አልነበረም።

ማግኘት ግን ማዳን አልነበረም። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው አየር እየደከመ ሄዶ፥ በወትሮው ከመቶው 21 እጅ የሚሆነው ኦክሲጅን ወደ 15 ዝቅ አለ፤ ሌላም ብርቱ ዝናብ እየመጣ ነበር። ክረምቱ እስኪያልፍ ምግብ እያቀረቡ ማቈየት፥ ወይም ከተራራው አናት ወደ ታች መሰርሰር ታስቦ ነበር፤ ሁለቱም አላዋጡም። በውሃ ውስጥ ማውጣቱም የሚያስፈራ ነበር። ቀደም ብሎ ጠላቂዎቹ በዋሻው ውስጥ ውሃ የዘጋባቸውን አራት ሠራተኞች አጭር መንገድ በውሃ ውስጥ ሲያሳልፏቸው፥ ጐልማሶቹ ሰዎች በድንጋጤ ተንፈራግጠው ነበርና፥ ልጆች ያን ረጅም የድፍርስ ውሃ መንገድ ነቅተው ሊያልፉት እንደማይችሉ ከዚህ ተረዱ። ስለዚህ አውስትራሊያዊውን የማደንዘዣ ሐኪምና የዋሻ ጠላቂ ሪቻርድ ሃሪስን፥ ልጆቹን በመድኀኒት አስተኝተን እናውጣቸው አሉት። እሱም በመጀመሪያ ከቶ የማይሆን ነው አለ። ኋላ ሌላ መንገድ እንደሌለ ባየ ጊዜ ግን እሺ አለ። ልጆቹ ቢሞቱበት በሕግ እንዳይጠየቅ መንግሥታቱ ተነጋገሩለት፤ ከገዛ ኅሊናው የሚያድነው ዋስትና ግን ማንም ሊሰጠው አይችልም ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን አራት፥ ሐምሌ 2 ቀን አራት፥ ሐምሌ 3 ቀን የቀሩት አራት ልጆችና አሠልጣኙ፥ ኬታሚን በሚባል መድኀኒት ተኝተው፥ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን የአየር ጭምብል አጥልቀው፥ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ፥ በጠላቂዎች እጅ ተይዘው ወጡ። ከገቡት አንድም በዋሻው ውስጥ የሞተ አልነበረም። ስለ እነሱ የሞተ ግን አለ። ሳማን ኩናን የተባለ የቀድሞ የባሕር ኀይል ጠላቂ በፈቃዱ መጥቶ የአየር ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ፥ ሰኔ 29 ቀን በዋሻው ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ቤይሩት ፓክባራ የተባለ ሌላው የባሕር ኀይል ባልደረባም በዚያ ሥራ ላይ ሳለ በያዘው የደም መመረዝ ታሞ ቈይቶ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዐረፈ። በፓምፕ የተቀዳው ከአንድ ቢሊዮን ሊትር የሚበልጥ ውሃ ደግሞ የፈሰሰው በአካባቢው ገበሬዎች የሩዝ እርሻ ላይ ነበር።

ታሪኩ ይህ ነው። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች እንዳሉ ልብ በሉ። አንደኞቹ እጃቸውን ዘርግተው ያወጡ ናቸው። ሁለተኞቹ ከሩቅ ሆነው ያላቸውን የሰጡ፥ እርሻውን የሰጠውም ነፍሱን የሰጠውም፥ ናቸው። ሦስተኞቹ በጨለማው ውስጥ ተቀምጠው የጠበቁት ልጆች ናቸው። ትክክለኛ ተራኪ የምለው ለሦስቱም ድርሻቸውን የሚሰጠውን ነው። አሁን ወደ ፊልሞቹ እንሂድ።

የመጀመሪያው በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውና «ማዳን» የሚል ትርጕም ያለው ስም የተሰጠው የኤልዛቤት ቻይ ቫሳርሄልዪና የጂሚ ቺን ዘጋቢ ፊልም ነው። ይህ ፊልም በትጋት የተሠራ ነው። አዘጋጆቹ ከታይላንድ ባሕር ኀይል ከብዙ ድርድር በኋላ በተገኘው በዋሻው ውስጥ በተነሣ ፊልም ተጠቅመዋል፤ ካሜራ ያልደረሰበትን ደግሞ ጠላቂዎቹ ራሳቸው በውሃ ገንዳ ውስጥ እንደገና እንዲያሳዩት አድርገዋል። ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን የጠላቂዎቹን ማንነት ሳይሸላልም ማሳየቱ ነው። ስታንተን ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ቮላንተን የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ የሃሪስ ባልንጀራ ክሬግ ቻለንም ሥራውን የተወ የእንስሳት ሐኪም ነው። ዋሻ መጥለቅ ለእነዚህ ሰዎች እንጀራቸው አልነበረም፤ ጎረቤት የሚስቅበት የትርፍ ጊዜ ፍቅራቸው ነበር። ፊልሙ ፍርሃታቸውንና ጥርጣሬያቸውን ከአፋቸው ያሰማናል። ሃሪስም መድኀኒቱን ሲወጋ ልጆቹ ይሞታሉ ብሎ ያስብ እንደ ነበር አይደብቅም። ከዚህ የምንማረው ጀግና ማለት የማይፈራ ሰው አለመሆኑን ነው፤ ለማንም የማይጠቅም በሚመስል ነገር እንኳ ዕውቀቱን እስከ ጫፍ ያደረሰ ሰው፥ ቀኑ ሲመጣ የሚፈለግ እርሱ ሆኖ እንደሚገኝም ያስተምረናል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ሲያልቅ አንድ የጐደለ ነገር ይሰማናል። ስለ ልጆቹ ሲባል አንድ ሰዓት ተኩል በላይ ልባችን ሲሰቀል ቈይቶ፥ ልጆቹን ግን አናውቃቸውም። እነሱ በጨለማው ምን እንዳሰቡ፥ ምን እንደ ተነጋገሩ አንሰማም። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ የልጆቹን ታሪክ ከራሳቸው አፍ የመተረክ መብት በውል ለኔትፍሊክስና ለተባባሪው ድርጅት ተሰጥቶ ስለ ነበር፥ እነዚህ አዘጋጆች ሊጠቀሙበት አልቻሉም። ወላጆች ለልጆቻቸው የሚበጅ ውል መዋዋላቸው አያስነቅፍም፤ አዘጋጆቹም ባላቸው ሠርተዋል። ሆኖም ገበያው ታሪኩን ለሁለት እንደ ከፈለው አስተውሉ። አዳኞቹ በአንድ ቤት፥ የዳኑት በሌላ ቤት ተከማቹ። አንዱን ገዝቶ የተመለከተ ሰው ሙሉውን ያየ ይመስለዋል።

ሁለተኛው በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮን ሃዋርድ ፊልም ነው፤ ስሙም «አሥራ ሦስት ነፍሳት» እንደ ማለት ነው። ይህኛው በተዋንያን የተሠራ ነው። ቪጎ ሞርተንሰን ስታንተንን፥ ኮሊን ፋረል ቮላንተንን፥ ጆኤል ኤጀርተን ሃሪስን ሆነው ይጫወታሉ። እንዲህ ያሉ ስመ ጥር ሰዎች የተሰለፉበት የሆሊውድ ፊልም፥ የታይላንድን ሰዎች ከኋላ የቆሙ አጃቢዎች አድርጎ ነጮቹን ብቻ ከፍ ያደርጋል ብሎ መጠራጠር ያለ ነገር ነው። ሃዋርድ ግን ከዚህ ነቀፌታ በአብዛኛው ድኗል። ታይላንዳውያኑ በገዛ ቋንቋቸው ይናገራሉ፤ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ናሮንግሳክ ኦሳታናኮርን ያልተሳካ እንደ ሆነ ነቀፌታው በእርሱ ላይ እንደሚወድቅ እያወቀ ሲወስን እናየዋለን፤ ሳማን ኩናንም የሞቱ ቀን ብቻ ብቅ የሚል ስም ሳይሆን ሰው ሆኖ ይታያል።

ከፊልሙ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ግን የገበሬዎቹን ቦታ ነው። አንድ የውሃ መሐንዲስ በጎ ፈቃደኞችን ይዞ ወደ ተራራው ወጥቶ፥ ዝናቡ ወደ ዋሻው ሰርጎ እንዳይገባ ጕድጓዱን እየደፈነና ጅረቱን በቧንቧ እየጠለፈ ሲደክም ያሳያል። ውሃው ወዴት ይሂድ? ወደ እርሻው ነው። ገበሬዎቹ የደከሙበት ሩዝ እንደሚጠፋ ይነገራቸዋል፤ እነሱም ልጆቹን ያድን እንደ ሆነ ይጠይቁና ይስማማሉ። ይህ ትርኢት ረጅም አይደለም፤ ዕንባ የሚያስነባ ሙዚቃም አልተነዛበትም። ነገሩም የፈጠራ አይደለም። በእውነተኛው ታሪክ መንግሥት ለጠፋው እርሻ ካሳ ሊሰጥ ባሰበ ጊዜ፥ ልጆቹ ከዳኑ ይበቃናል ብለው ካሳውን ያልወሰዱ ገበሬዎች ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃዋርድ ለጠላቂው አብዝቶ ቢሰጥም፥ ሎሚውን የተሸከሙት ሃምሳዎቹ መሆናቸውን አልካደም።

እንግዲህ ጉድለቱ ወዴት አለ? እዚህም የምናገኘው በሦስተኞቹ ላይ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ፥ ስለ ልደት በዓል ሲነጋገሩ፥ ወደ ዋሻው ሲገቡ እናያለን። ከዚያ በኋላ ጠላቂዎቹ እስኪያገኟቸው ድረስ ከዓይናችን ይሰወራሉ። ለዚህ አሠራር የሚከራከር ሰው አያጣም፤ አዘጋጁ ልጆቹን የሰወረብን ወላጆቻቸው በዋሻው በር ሆነው የቀመሱትን አለማወቅ እኛም እንድንቀምሰው ነው ይለናል። ይህ ክርክር ብርቱ ነው፤ እስከ ተገኙበት ሰዓት ድረስም እቀበለዋለሁ። ከተገኙ በኋላ ግን ምስጢሩ አብቅቷል። ፊልሙ ያን ጊዜ እንኳ፥ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምን አደረጋችሁ ብሎ ልጆቹን ለመጠየቅ የሚሰጠው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ወዲያው ወደ መድኀኒቱ፥ ወደ ጭምብሉ፥ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ይሄዳል። በዚያም ልጆቹ እንደ ተጠቀለለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ።

በውሃው ውስጥ እንዲህ መሆኑ ግድ ነበር፤ የተኛ ልጅ ተሸካሚውን አይረዳም። በታሪኩ ውስጥ ግን ግድ አልነበረም። ሰውን ለማዳን ሲባል ለጥቂት ሰዓት እንደ ዕቃ መያዝ ሌላ ነው፤ ታሪኩን ስንናገር እንደ ዕቃ ማስቀረት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ምሕረት ነው፤ ሁለተኛው የዳነውን ሰው ከገዛ ታሪኩ ማውጣት ነው።

ልጆቹ በእርግጥ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም ነበር። ምግብ አልነበራቸውም፤ ድፍርሱን የጎርፍ ውሃ ትተው ከዓለቱ የሚንጠባጠበውን ይጠጡ ነበር። በድንጋይ እየተፈራረቁ የዋሻውን ግድግዳ ቈፈሩ፤ መውጫ ባያገኙበትም ተስፋ እንዳይቈርጡ ረዳቸው። አሠልጣኙ በልጅነቱ ብዙ ዓመት በቡድሃ ገዳም የኖረ ነበርና፥ ጸጥ ብለው ተቀምጠው አሳባቸውን እንዲሰበስቡ፥ ጕልበታቸውንና አየሩንም እንዲቈጥቡ አስተማራቸው። ከተገኙም በኋላ አንድ ወታደር ሐኪምና ሦስት ጓደኞቹ ሊያስታምሟቸው አብረዋቸው ተቀምጠው ሲቈዩ፥ ልጆቹ በተቀዳደደ ወረቀት ለወላጆቻቸው ደብዳቤ ላኩ፤ አትጨነቁልን አሉ፤ የተጠበሰ ዶሮ አማራቸው፤ መምህራቸውም የቤት ሥራ እንዳያበዛባቸው ቀለዱ። አሠልጣኙ ወላጆቹን ይቅርታ ለመነ። ወላጆቹም አንተን አንወቅስህም ብለው መለሱለት። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ይዳኑ አይዳኑ ገና አልታወቀም ነበር፤ ይቅርታው ከመዳኑ በፊት መጣ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ምርጫ ያደረጉት አሠልጣኙና ልጆቹ ነበሩ፤ መለኪያቸውም ቤቱ የሚርቀው ይቅደም የሚል ነበር። ከዋሻው ሲወጡ በየብስክሌታቸው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሏቸው ነበርና። ዓለም ሁሉ በር ላይ ቆሞ ስማቸውን እንደሚጠራ፥ ሐኪሞችና መኪናዎች እንደሚጠብቋቸው አላወቁም። እነሱ ያሰቡት ለራሳቸው ዝና አልነበረም፤ የሩቁ ልጅ ሳይመሽበት እንዲደርስ ነው። ይህን አንድ ነገር ያላሳየ ፊልም፥ የጭምብሉን ማሰሪያ ሁሉ ቢያሳየን እንኳ፥ ስለ ልጆቹ ብዙ አልነገረንም።

ሦስተኛው ፊልም ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጣ ይመስላል። የፓይሊን ዌደል ዘጋቢ ፊልም ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በኔትፍሊክስ የወጣ ሲሆን፥ ርእሱ በዋሻው ስለ ተያዙት አሥራ ሦስቱና ስለ መትረፋቸው የሚናገር ነው። በዚህ ፊልም ከልጆቹ አንዳንዶቹና አሠልጣኙ፥ ዕድሜያቸው ከፍ ካለ በኋላ፥ ራሳቸው ተቀምጠው ይናገራሉ። በጥበብ ከመዘንነው ከሁለቱ ያንሳል፤ በተዋንያን ተመስለው የቀረቡት የዋሻ ትርኢቶች ከተናጋሪዎቹ ቀላል ቃል አይበልጡም፤ አንዳንዴም ያደክማሉ። ነገር ግን ስለ ረኀብ፥ ስለ ፍርሃት፥ ጨለማው ውስጥ ስለ ቀረ የጊዜ ቍጥር የነበረበት ሰው ሲናገረው፥ ትልቁ ተዋናይ የማይደርስበት ክብደት አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞች ያየ ሰው ይህን ሦስተኛውን ካላየ፥ የአንዱን ባለጉዳይ ቃል ብቻ ሰምቶ የፈረደ ዳኛ ይሆናል።

ምናልባት አንዱ አንባቢ፥ ፊልም ሁሉን ሊናገር አይችልምና አዘጋጁ መምረጡ ግድ ነው፤ 10,000 ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዴት ይገባል ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ መምረጥ ግድ ነው። እኔም የምጠይቀው ሁሉ ይቈጠር አይደለም፤ ሚዛኑ አይዛባ ነው። ሃዋርድ ለገበሬዎቹ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጥ እንኳ እውነቱን ለማስታወቅ በቅቶታል። ለልጆቹም አንድ የመቈፈሪያ ድንጋይ፥ አንድ የደብዳቤ ቍራጭ፥ ቤቱ የሚርቀው ይቅደም የሚለው አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ተመልካቹ ከተሰጠው ጥቂት ብዙውን ይረዳል፤ ጨርሶ ካልተሰጠው ግን የለም ብሎ ያምናል።

ይህ ነገር የፊልም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልደከምኩበት። ከልጆቹ ሦስቱና አሠልጣኙ የማንኛውም አገር ዜግነት ወረቀት አልነበራቸውም። ተወልደው ባደጉበት ወይም በሚኖሩበት በዚያ የወሰን አገር፥ በትምህርት ቤትና በኳስ ሜዳ ስማቸው እየተጠራ፥ በመንግሥት መዝገብ ግን አልተጻፉም ነበር። ነሐሴ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ከዋሻው ከወጡ አንድ ወር ያህል ቈይቶ፥ የታይላንድ ዜግነት ተሰጣቸው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ አሰጣጡም በሕጉ መሠረት ተመርምሮ የተደረገ ነበር። ይሁን እንጂ እንደ እነሱ ወረቀት የሌላቸው ዋሻ ያልገቡ ብዙ ሰዎች በዚያ አገር እንደ ነበሩ ስናስብ፥ ጥያቄው ከልባችን አይወጣም። ሰው ሰው መሆኑ እንዲታወቅለት ጎርፍ ሊዘጋበት ይገባ ነበርን? ሰውን በተጨነቀበት ሰዓት ብቻ የሚያይ ዓይን፥ የፊልም አዘጋጅም ዓይን ቢሆን የመንግሥትም ዓይን ቢሆን፥ ግማሹን ብቻ የሚያይ ዓይን ነው።

የዳኑት ልጆች ራሳቸው ግን ከተራኪዎቻቸው ይልቅ ሚዛን ጠብቀው ተገኙ። የሳማን ኩናንን ሞት በሆስፒታል ሳሉ በሰሙ ጊዜ አለቀሱ፤ በሥዕሉም ላይ የምስጋና ቃል ጻፉለት። ከሆስፒታል እንደ ወጡም አሥራ አንዱ ልጆች ራሳቸውን ተላጭተው ለመታሰቢያው ለጥቂት ቀን በገዳም ጀማሪ መነኰሳት ሆነው ተቀመጡ፤ አሠልጣኙም አብሯቸው መነኰሰ። የቀረው አንዱ ልጅ ሃይማኖቱ ክርስቲያን ስለ ነበረ በዚህ ሥርዐት አልገባም። ብድራቸው የሚከፈል እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ሆኖም ብድር እንዳለባቸው በአደባባይ ታዩ። ድርሻ ማካፈል ማለት ይህ ነው፤ ተቀባዩም ሰጪውን በስሙ ይጠራል።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ የማዳን ታሪክ ስትሰሙ ወይም ስትመለከቱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ያወጣው ማን ነው? ከሩቅ ሆኖ የከፈለው ማን ነው? ሲጠብቅ የነበረውስ ምን ሠራ? ተራኪው ለመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ከመለሰላችሁ፥ ምንም ያህል ቢያስደስታችሁ ታሪኩን ጨርሷል አትበሉ፤ የቀረውን ራሳችሁ ፈልጉ። ይህ ልማድ ከፊልም ቤት ወጥቶ ወደ ኑሯችሁም ይገባል። አንድ ተማሪ ፈተና አለፈ ሲባል፥ መምህሩን ብቻ ሳይሆን መብራት ያበራለትን እናቱንና ሌሊቱን ያነጋውን ተማሪ ራሱን ታስባላችሁ። አንድ በሽተኛ ዳነ ሲባል፥ ሐኪሙን አመስግናችሁ አልጋው ሥር የተኛችውን እኅቱንና ሕመሙን የታገሠውን በሽተኛ አትረሱም።

ደግሞም ከእናንተ መካከል በጭንቅ ቀን የሚጠልቅ ምናልባት አንድ ይገኝ ይሆናል። ብዙዎቻችሁ ግን ወይ እርሻችሁን የምትሰጡ፥ ወይ በጨለማ ተቀምጣችሁ የምትጠብቁ ትሆናላችሁ። ለዚያ ቀን ከአሁኑ የሚያስፈልጋችሁ የጠላቂው ምስል ብቻ አይደለም። ካሳውን ያልወሰደውን ገበሬ፥ ልጁ ሳይመለስለት ይቅር ያለውን ወላጅ፥ ቤቱ የሚርቀው ይቅደም ያለውንም ልጅ በልባችሁ ያዙ።